የጨመርኳት ቃል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2001። ደባርቅ፣ ከቀኑ 10፡30

ገጽ 87 ላይ ነኝ። «ድልድይ» የሚለው ሦስት ቦታ «ድልድዩ» ሆኗል። ገጽ 91 ላይ አንድ ሙሉ መስመር ጠፍቷል። ቀይ እስክሪብቶዬ ሊያልቅ ነው።

ደብተሬ፣ መጻፍ እወዳለሁ። የጻፍኩትን መልሶ ማንበብ ግን የመታወቂያ ፎቶዬን እንደማየት ያስጠላኛል። አሳታሚው ከአ.አ. ደውሎ ሁለተኛው እትም ለገና እንዲደርስ እርማቱን እስከ ወሩ መጨረሻ ላክ ብሎኛል። ለዚህ ብዬ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት መጣሁ። ጸጥታ ፈልጌ። አገኘሁት፣ በሁለተኛው ቀን ሰለቸኝ። አንድ ገጽ አርሜ እነሳለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ሊማሊሞ የሚወርዱትን መኪኖች አያለሁ። እመለሳለሁ። እንደገና እነሳለሁ። እትዬ ጥሩ፣ አንተ ቀዥቃዣ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ኖረህ መቼ ነው ቂጥህ ወንበር የሚለምደው አለችኝ። ታላቅ እህቴ ናት። ምን እላታለሁ?

መጽሐፉ «የገደሉ ሰዎች» ይባላል። ስለ ሊማሊሞ መንገድ፣ ስለ ሾፌሮቹ፣ ዳገቱን ስለሚጠግኑት ሰዎች። «ገደሉ» ስል ያንን ገደል ማለቴ ነው። ያላወቀ ሰው ግን «ደ»ን አጥብቆ ያነበዋል፤ ነፍስ ያጠፉ ሰዎች ታሪክ ይመስለዋል። ጎንደር ውስጥ አንድ መጽሐፍ ሻጭ ከወንጀል ታሪኮች ጎን ደርድሮት በዓይኔ አይቻለሁ። አላረምኩትም። እዚያ ሲሆን የበለጠ ይነሳል።

ዛሬ አሥራ አንድ ገጽ ብቻ። ከነገ ወዲያ ዳባት አንድ ት/ቤት ጋብዞኛል። ስለ ምን እንደምናገር አላውቅም፤ ከዚህ ወንበር መነሳቴ ብቻ ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከቀኑ 11፡00

ከዳባት ተመለስኩ። ሚኒባሱ ወገቤን ቆርጦታል። ልቤ ግን እንደ ጉድ ደስ ብሎታል። ከዚያ ደግሞ ደስ አላለውም። እንዲህ ነኝ እንግዲህ፣ ታውቂኛለሽ።

ተማሪዎቹ አዳራሽ ሙሉ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ጋዜጠኛ ይዋሻል ወይ ብላ ጠየቀች። አስተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ኮስተር ብዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰማሁት ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

ስወጣ በሩ ላይ አንዲት መምህርት ጠበቀችኝ። አማርኛ ነው የምታስተምረው። እናኑ ፈንቴ እባላለሁ አለች። ፈንቴ ስትል ደነገጥኩ። ምዕራፍ ሰባት ሙሉውን ስለ ሾፌር ፈንቴ ነው። ከደባርቅ ሚስቱን ጋቢና አስቀምጦ ሊማሊሞን ሲወርድ የጭነት መኪናው በዝናብ ተንሸራቶ ገደል ገባ። ሚስቱ ሞተች። እሱ ተረፈ። ከቀብሯ በኋላ የአሥር ዓመት ልጁን አያቷ ጋ ትቶ ጠፋ፣ በቃ፣ ወሬው እንኳ አልተሰማም። ዱካውን እየተከተልኩ ብዙ ሰው ጠየቅሁ። ምዕራፉን የዘጋሁት እንዲህ ብዬ ነው፦ «ሾፌር ፈንቴ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።»

ልጂቱ እናኑ ናት። መጽሐፉን ስጽፍ ሩቅ አገር ኮሌጅ ላይ ነበረች። አክስቷን አነጋግሬ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሰነፍኩ፣ ሌላ ምን ይባላል።

የመጣችው ግን ልታመሰግነኝ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ታልቅስ ወይ ትጠብቅ አታውቅም ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ዓይኗ ሳታዝዘው ወደ መሪው ይሄዳል። መጽሐፌ ሲወጣ ቁርጡን አወቀች። አምና ዘመድ ጠርታ፣ ካህናት ጠርታ ተዝካሩን አወጣች። የቀራት የሱ ልብስ አንድ ጋቢ ነበር፣ እናቷ የፈተለችው። እሱንም ለንስሐ አባቷ ሰጠች፣ ለነፍሱ እንዲጸልዩለት። አሁን መኪና ሲያልፍ ቀና እንደማትል ነገረችኝ። ይህን ስትል ፈገግ አለች።

ኮራሁ ደብተሬ። መጽሐፍ ለሰው ይህን ከሠራ ምን ይፈለጋል ብዬ ኮራሁ። መንገድ ላይ ግን አንድ ነገር ይጎረብጠኝ ጀመር። ምን እንደሆነ አላውቅም። ምሳ ያልተስማማኝ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ከቀኑ 9፡00

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

የገበያ ቀን ነው። ፊታችን ጾም ስለሚገባ ምግብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቦታ ጠፍቶ ከአንድ የማላውቀው ሰው ጋር ተቀመጥኩ። ነርስ ነው፣ ከበየዳ መድኃኒት ሊጭን የመጣ። ጨዋታ ያውቃል። ስለ አገሩ ብርድ፣ ስለ መንገዱ አወራኝ። ከዚያ ስለ አንድ መነኩሴ። ወፍጮ ሲበላሽ የሚጠሩት እሳቸውን ነው አለኝ። የካቻቢቴውን ብረት ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ ሕመሙ እዚህ ጋ ነው ይላሉ። አንድ ቀን የሱን የልብ ማዳመጫ አይተው፣ ያንተኛው ጎማ ስለሆነ ውሸት ያስገባል ብለውኛል ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ጉርሻዬ እጄ ላይ ቀረ። ካቻቢቴ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተር የሚያዳምጥ ሰው እኔ ነኝ የጻፍኩት። ምዕራፍ ሰባት፣ ሁለተኛው ገጽ። የድሮ ሾፌሮች ሁሉ የነገሩኝ የፈንቴ ምልክት ነው።

ከወዴት የመጡ ናቸው አልኩት። አያውቅም። መነኩሴ ከወዴት መጣህ አይባልም አለኝ። ሾፌሮቹ የነገሩኝ ሌላም የፈንቴ ምልክት አለ፤ ጆሯቸው ሥር ጠባሳ አለ ወይ አልኩት። እጁን ወደ ግራ ጆሮው ወሰደ።

ሒሳብ መክፈሌን እንኳ አላስታውስም። ሦስት ጊዜ ገበያውን ዞርኩት። ምንም አልገዛሁም።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ከቅዳሴ መልስ

ሻንጣውን ገለበጥኩት። የዚያን ጊዜ የመስክ ማስታወሻዎቼን ይዤ ነው የመጣሁት፣ ለእርማቱ ይረዱኛል ብዬ። ረዱኝ!

ሰማያዊው ደብተር፣ ከመጨረሻው አራተኛው ገጽ። የነገሩኝ መሪጌታ ውብሸት ናቸው፤ እዚሁ ደባርቅ ያሉ፣ ለፈንቴ ቤተሰብ ቅርብ የነበሩ አዛውንት። በራሴ እጅ፣ እሳቸው እንዳሉት፣ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦

«ፈንቴ ልጁን ይወዳል። ፈንቴ ከዚያ ወዲያ መሪ አልነካም። ኋላ ከዓለም ተለይተዋል። ግንዘትም ተደግሞላቸዋል።»

በሞት የሚል የለም። ገጹን ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ጀርባውን አየሁ። የለም።

አንቺ ደብተር፣ እኔ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ። እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ነው ፊደል የቆጠርኩት። ሰው ሲመነኩስ ለዓለም ሞተ ተብሎ የሙታን ጸሎት፣ ግንዘት፣ እንደሚደገምለት አውቃለሁ። «ከዓለም ተለየ» መነነ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እና እዩኝ እዩኝ የሚለው ሌላው ነገር፦ መሪጌታ ሲጀምሩ «ፈንቴ ይወዳል» አሉ፣ አንተ ብለው። ሲጨርሱ «ተለይተዋል» አሉ፣ አንቱ ብለው። በአንድ ትንፋሽ ሰውየው ከአንተ ወደ አንቱ ተሻገረ። ለምን? ስለመነኮሰ ነዋ! እኔ ግን ለሟች ክብር መስሎኝ አለፍኩት። እንዲያውም አንቱታውን መልሼ አንተ አደረግሁት፣ ከምዕራፉ ጋር እንዲሄድ።

«በሞት» ከየት መጣች? አውቃለሁ ከየት እንደመጣች። ጋዜጣ ስገባ ጀማሪ ስለነበርኩ ሦስት ዓመት ዜና ዕረፍት አስጻፉኝ። ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ፣ በየቀኑ። እጄ ለመደ። «ከዓለም» ብሎ ሲጀምር «በሞት»ን ሳይጠይቀኝ ይጽፋታል። «ዚህ»ንም ጨምሯል ለካ።

ሐሙስ ዕለት የተጨበጨበልኝ ትዝ አለኝና ራሴን በጥፊ ማለት አማረኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ጾመ ነቢያት ገባ

መ/ጌታ ውብሸት ደጃቸው ፀሐይ እየሞቁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። መጽሐፉን በወጣበት ጊዜ ልኬላቸው ነበር። በጨርቅ ጠቅልለው ራስጌ አኑረውታል። ማንም አላነበበላቸውም። እኔስ አንድ ቀን መጥቼ ማንበብ አቅቶኝ ነው?

ያችን አንድ አረፍተ ነገር አነበብኩላቸው። ድገም አሉኝ። ደገምኩ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሞቱ አላልኩህም» አሉ ቀስ ብለው፣ እንደ ዜማ እየጎተቱ። «ከዓለም ተለይተዋል ነው ያልኩህ። በሞትን ከየት አመጣሃት?»

ለምን በግልጽ እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው፣ እንደ ክስ አድርጌ። ሰውየው ራሱ ለምኗቸው እንደነበር ነገሩኝ። ማንም እንዳይፈልገኝ ብሎ። ስለዚህ ሸፈን አድርገው ነገሩኝ። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለሆንክ ይገባሃል፣ ገብቶህም ዝም ትላለህ ብዬ ነበር አሉ። አልገባኝም፣ ዝምም አላልኩ።

ስለ ተዝካሩ ሲሰሙ አማተቡ። ከዚህ በፊት ሰምተው እንደሆነ ጠየቅሁ። ደባርቅ ከዳባት ስንት ነው! ግን ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ከደጃቸው አይርቁም፣ የሚነግራቸውም የለም። ስሄድ እንደ ልጅነቴ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ምንም አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ከቀኑ 8፡00

ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥቼ አሳታሚው ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀ። ታዲያ «በሞት»ን ሰርዛት አለኝ። «ከዚህ ዓለም ተለይቷል» ይላል፣ እውነት ነው፣ ማንም አይጠይቅህም፣ ገጹም አይዛባም።

እንዴት እስካሁን አልመጣልኝም? ቤት ገብቼ ገጽ 143ን አወጣሁ። በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጭረት። ሦስት ፊደል። አለቀ። መጽሐፌ ዳነ፣ ስሜ ዳነ። ለእትዬ ጥሩ ቀለድኩላት፣ ሻይዬን ጠጣሁ፣ ስድስት ገጽ አከታትዬ አረምኩ።

ከቀኑ 10፡30

ይህ ሽንገላ ነው። እትዬ ጥሩን ጠርቼ አረፍተ ነገሩን፣ ያለ «በሞት» ያለውን፣ አነበብኩላት። ምን ሆነ ማለት ነው አልኳት። ሞተ ማለት ነዋ፣ ነፍሱን ይማር አለች። ሄደች ወደ ሽሮዋ።

ቃሏን እኔ ብሰርዛት አንባቢው ይጨምራታል። እናኑ ደግሞ ጨምራ፣ አልቅሳ፣ ደግሳ ጨርሳለች። የመጀመሪያው እትም እሷ ጋ ነው። ሁለተኛውን ለምን ትገዛለች?

በየዳ እሄዳለሁ። ለማጣራት እላለሁ ሰው ቢጠይቀኝ። ማጣራት የሙያችን ቆንጆ ቃል ናት፤ መሸሽንም ትሸፍናለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። መንገድ ላይ

አይሱዙ፣ እህል ላይ። ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ስንናጥ ቆየን። የጅባራው ቅጠል ውርጭ ለብሷል። ጣቶቼ ብዕር አይዙም። ከጎኔ ያሉት ሰውዬ ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰሙ ስለ መንገዱ ጻፍልን አሉኝ። ጽፌያለሁ አልኳቸው። ታዲያ ምነው አልተሠራ አሉኝ። ሳቅን።

መኪናው የቻለው እስከዚህ ነው። ዛሬ በበቅሎ። ተመለስ ተመለስ የሚለኝ ነገር አለ። በቅሎዋ ግን መመለሻውን አታውቅም፣ እሷ ወደ አገሯ ናት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። በየዳ፣ ጠዋት 4፡00

አገኘኋቸው።

ከገዳሙ አጥር ውጭ፣ ድንጋይ ላይ። ቢጫ ልብሳቸው ሳስቶ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። ትከሻቸው ላይ አንዲት ነጠላ፣ እሷም የተጣፈች። ይስላሉ። ጠባሳው ጆሯቸው ሥር አለ። አሁን አባ ገብረ ሥላሴ ናቸው።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። አባ፣ ስለ እርስዎ መጽሐፍ ጽፌ ሞተዋል ብያለሁ አልኳቸው። ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። አልተሳሳትክም፣ ግንዘት ተደግሞልኛል፣ ፈንቴ የሚሉት ሰው የለም አሉኝ።

ይኸው! ባለቤቱ ራሱ ማረኝ። ደብተሬን አጥፌ በመጣሁበት በቅሎ መመለስ እችል ነበር። አፌ ግን አያርፍም። እናኑ ተዝካርዎን አወጣች አልኩ።

ሳቁ ጠፋ። «ለኔ?» አሉ። «እናቷን ለገደልኩባት?»

አዎ አልኩ። ለእርስዎ። ካህናት ጠርታ። ዘመድ ጠርታ። አልቅሳ። ከኪሳቸው ካቻቢቴዋን አወጡ፣ እጀታዋ በላስቲክ የተጠመጠመች፣ እያገላበጡ ያዩዋት ጀመር። እነማን መጡ አሉኝ። ምን ትሠራለች አሉኝ። አስተማሪ ናት ስላቸው የምን አሉኝ። የአማርኛ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አለቀሱ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ብዙ። ተደብቀው የኖሩት ትጠላኛለች ብለው ነው። ይህን ሁሉ ዓመት። ልጅቱ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት መሪ መሪ ስታይ።

ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የመጽሐፌን ርዕስ አጥብቀው የሚያነቡት ሰዎች እውነት አላቸው ብዬ አሰብኩ። ድንጋዩ ላይ ሁለት የገደሉ ሰዎች ተቀምጠናል።

ልንገራት ወይ አልኳቸው በመጨረሻ። «ንገራት አልልህም፣ አትንገራትም አልልህም» አሉ። «እኔ የሞትኩ ሰው ነኝ። ምን ብዬ እልካለሁ?» ደወል ተደወለ። ተነሱ። ጥቂት ሄደው ተመለሱና እናኑ ጥርሷ ፊት ለፊት ክፍተት ነበረው፣ አሁንም አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም አልኩ፣ አፍሬ። ጋዜጠኛ ነኝ እኮ እኔ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። ጎንደር

አትሳቂብኝ። ጎንደር ነኝ።

ከደባርቅ ዛሬ ጠዋት ተነሳሁ፣ ወደ ዳባት፣ ለእናኑ ልነግራት። መንገድ ሙሉ የምለውን አዘጋጀሁ። አውቶቡሱ ዳባት ቆመ። ሰዎች ወረዱ። ቦርሳዬን አነሳሁ። ረዳቱ ዳባት የሚወርድ አለ ወይ ብሎ ሁለቴ ጮኸ። ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ። በሩ ተዘጋ። እኔም ተረጋግቼ፣ ቲኬቴን እስከ ጎንደር አስቀየርኩ።

እስከ አሁን ሦስት ሻይ ጠጣሁ፣ ሦስት ቤት። የሚያስፈራኝ ምንድን ነው? ስሜ? አዎ ስሜ። ይወራል፣ ያ በቁሙ ሰው የቀበረው ጸሐፊ ይሉኛል። ግን እሱ ብቻ አይደለም። አሁን መኪና ሲያልፍ ቀና አልልም ብላኝ ነበር፣ ፈገግ ብላ። ያን ሰላም የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ በስህተት። አሁን ልነጥቃት ነው። መቅጠፍ አይደለም ወይ ዝም ማለት? ነው። መንገር ጭካኔ አይደለም ወይ? እሱም ነው።

አሳታሚው ደወለ። እርማቱስ? ነገ አልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። ዳባት፣ ከቀኑ 11፡30

ነገርኳት።

ቤቷ ነው ያለሁት። የፈተና ወረቀት እያረመች ነበር፣ እንደኔው በቀይ። ቁጭ ሳልል ነገርኳት፦ አባትሽ አልሞቱም፣ መንኩሰዋል፣ አግኝቻቸዋለሁ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

አላመነችኝም። ከዚያ አመነችኝ፣ እሱ የባሰ ነበር። ተነስታ በሩን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተችው። የተባሉትን አሳዩኝ አለች። ሰማያዊውን ደብተር ሰጠኋት። ቆማ አነበበች። ጣቷ «ተለይተዋል» ላይ ቆመ።

«አንቱ ብለዋቸዋል እኮ» አለችኝ። «ጋሽ አያሌው፣ ይሄን የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ያየው ነበር።»

ያየው ነበር አልኩ። ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበስኩ አለች። ሰው ሲያጽናናኝ እግዜር ያጥናሽ እየተባልኩ አሜን ስል ኖርኩ አለች። ድምፅዋ ከፍ አለ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ ትጩህብኝ ብዬም ፈለግሁ። አልጮኸችም። ወረቀቶቹን ሰበሰበች፣ አስተካክላ ደረደረች፣ መልሳ በተነቻቸው።

ስለ ሁሉም ነገርኳት። ስለ ካቻቢቴዋ። ስለ «ለኔ?»። ስለ ጥርሷ። ያኔ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። ክፍተቱ አለ።

ይቅር አይበለኝ፣ ልክ እንደ ሥራዬ ምን ትል ይሆን ብዬ እጠብቃለሁ። በደለኝ ትላለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትላለች፣ ለምን ሄደ ትላለች። ቀና አለችና ምን ለብሰዋል አለችኝ።

ነጠላ አልኳት። አንዲት፣ የተጣፈች። ይስላሉ።

«ጋቢውን ሰጠሁት እኮ!» አለች። ብድግ አለች፣ አሁን ገና አለቀሰች። «በቁሙ ያለ ሰው ጋቢ፣ እናቴ የፈተለችውን፣ ለቄስ ሰጠሁት እኮ!»

ሐሙስ፣ ኅዳር 25። ዳባት፣ ጠዋት 3፡00

ከንስሐ አባቷ ከቄስ ይግዛው ቤት አሁን ወጣን። ጋቢ ለማስመለስ እንዲህ ዓይነት ጉዞ ተሄዶ ያውቃል?

ቄሱ በሩን የከፈቱልን ጋቢውን ለብሰው ነው። እናኑ ዓይኗን ጋቢው ላይ ተክላ ቀረች። እኔ ነኝ የነገርኳቸው፣ የራሴን ጥፋት ከፊት አስቀድሜ። እሳቸው ለጋቢው ግድ አልነበራቸውም፤ ወዲያው ከትከሻቸው አውርደው አጣጥፈው ሰጧት። ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በቅዳሴ ስሙን ከሙታን ጋር ስጠራ ኖሬያለሁ እኮ አሉ። በሕይወት ያለ ሰው! ሁለት ጊዜ አማተቡ። ከዚያ ከነገ ጀምሬ ከሕያዋን አደርጋቸዋለሁ አሉና፣ ሲሸኙን ደግሞ፣ የድሮ ስማቸውን ነው የምጠራው ወይስ የምንኩስናቸውን ብለው ተከራከሩን። ጋቢ ስለሌላቸው እስከ በሩ ብቻ ሸኙን።

የሳቸው እርማት ቀና ነው። አንድ ስም ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ።

ከቀኑ 7፡00

አሳታሚው ጋ ደውዬ ያችን ጭረት እንደማነሳት ነገርኩት። «በሞት» የመጀመሪያው እትም ላይ እንዳለች ትቆይ። ይልቅ ከመግቢያው በፊት አንድ ገጽ ጨምርልኝ አልኩት። በስልክ አጻፍኩት፦

«ስለ ሾፌር ፈንቴ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል ብዬ ጽፌ ነበር። ‹በሞት› የምትለውን ቃል ማንም አልነገረኝም። ራሴ ነኝ የጨመርኳት። በዚህ ምክንያት ልጁ በሕይወት ላለ አባቷ ተዝካር አውጥታለች። አንባቢ ሌላውንም በዚሁ ይመርምርልኝ።»

የት እንዳሉ አልጻፍኩም። ያን ያህል ተምሬያለሁ። አሳታሚው እያበድክ ነው፣ ከዚህ በኋላ ማን ያምንሃል አለኝ። አላውቅም አልኩት። ዛሬ ከተቀመጥኩበት ወንበር አንድም ጊዜ አልተነሳሁም፤ አሁን ነው ያስተዋልኩት።

እናኑ ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ወስዳ መጣች። የአራት ቀን። ምክንያቱን ምን አልሽ አልኳት። የቤተሰብ ጉዳይ አልኩ አለች። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመሰች ይመስል ደገመችው።

ዓርብ፣ ኅዳር 26። ደባርቅ፣ ጠዋት 12፡30፣ አይሱዙ ላይ

ጭነቱ እየታሰረ ነው። ይበርዳል። እትዬ ጥሩ ዳቦ ቋጥራልን ቀዥቃዣ ሆይ በል ሂድ አለችኝ፣ ዛሬ ግን ሳትቆጣ። እናኑ ጋቢውን አልለበሰችውም። ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፣ ሁለት እጇን ላዩ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። መኪና በአጠገባችን ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች። ልማዷ ተመልሷል። እያየሁ አዘንኩ፣ ከዚያ እሷ ራሷ ሳቀችበት።

እኔን ምንም አላለችኝም እስካሁን። ይቅርታም፣ ቁጣም። አብረን ተሳፈርን፣ ይኸው ነው።

አሁን ግን ዞር ብላ ጠየቀችኝ። ሌሊቱን ስታስብበት ያደረች ይመስላል። ልጅ ሆና አባዬ ነበር የምትለው። አሁን መነኩሴ ናቸው፣ አባ ነው የሚባሉት።

«ስደርስ አባ ልበላቸው ወይስ አባዬ?»

ስለ ቃል እኔን! እኔን ትጠይቀኛለች ደብተሬ። አፌ ላይ መልሱ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። አላውቅም እናኑ አልኳት። ስታያቸው የሚመጣልሽን ትያለሽ። መኪናው ተነቃነቀ፣ ብዕሬም አብሮ። እኔ ከእንግዲህ በሰው አፍ ላይ አንዲት ቃል አልጨ…